ፊቱን በፍትፍቱ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና ፎቶ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አመል አለበት፤ ጣናን አንሥቶ ሳይጨርስ ፋሲል ግቢ ይታየዋል። በመካከል ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ለእሱ መንገድ እንጂ አገር አይደለም። ወረታ ላይ ባጃጁ፣ የሩዝ ከረጢቱ፣ የሽንኩርት ክምሩ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው አይሱዙ በመስኮት ሽው እያሉ ያልፉታል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ካልቀዳ በቀር እግሩ መሬት አይነካም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሰው አስቁሞ ቁርስ ማብላት ነው። ክርክሬ አጭር ነው፦ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣራ ገዳም ግርጌ ፎቶ ሊያነሣ የሚመጣ ሰው የቀኑን ፕሮግራም ማውጣት ያለበት በሆዱ ነው፤ ካሜራው ተከትሎ ይመጣል። የሆዳም ክርክር እንደሚመስል አላጣሁትም። የሆዳም ክርክር ግን በሆዳምነቱ ብቻ ውድቅ አይሆንም፤ ማስረጃው ይታይና ይፈረድ።

በዚህ መንገድ ላይ የፎቶ አንሺ መኪና ያለ ጭቅጭቅ የሚቆምበት አንድ ቦታ አለ። አዲስ ዘመን ከተማ አካባቢ ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ረግቶ የቀረ፣ በዙሪያው የነበረው ልል አፈርና ድንጋይ በዝናብ ተሸርሽሮ ሲያልቅ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቀረ ዐለት ይታያል። የፈረንጅ አስጎብኚ መጻሕፍት ከፊሎቹ «የእግዚአብሔር ጣት» ይሉታል፣ ከፊሎቹ ደግሞ «የሰይጣን አፍንጫ»። ልዩነቱ እንደ ገዙት መጽሐፍ ነው፤ ድንጋዩ በሁለቱም አልተከፋም። መኪናው እዚህ የሚቆምበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዐለት «ቤት ለእንግዳ» አይልም፣ ቡና አያፈላም፣ «ከየት መጣህ፣ ልጅ ወልደሃል?» ብሎ አይጠይቅም። ወርደው፣ አንሥተው፣ ሞተር ሳያጠፉ መሄድ ይቻላል። ውጤቱም እንደ ድካሙ ነው፦ የሁሉም ሰው ፎቶ አንድ ነው። አሥር ሰው ያነሣውን አሥር ሥዕል ቢደባልቁት ባለቤቶቹ ራሳቸው የየራሳቸውን አይለዩም።

የፎቶ መንገደኛ ዓለም ሁሉ የሚመኘው የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ነው፤ አሪዞና፣ ዩታ፣ ኒው ሜክሲኮ። እዚያም ድንጋዩ ብዙ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ሆኖም ከዚያ አገር ከወጡት ፎቶዎች ሁሉ ስሙ እጅግ የገነነው አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ያነሣው የጨረቃ መውጫ የየትኛውም ታዋቂ ዐለት አይደለም። አዳምስ ያሰበው ሳይሳካለት ውሎ ወደ ሳንታ ፌ ሲመለስ፣ መንገድ ዳር ባለች ሄርናንዴዝ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ፣ የመቃብሩን መስቀሎች የመጨረሻው ጀንበር ሲያበራቸው አየ። መኪናውን አቆመ። የብርሃን መለኪያውን ቢያገላብጥ አጣው፤ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያ አስልቶ አነሣ። ሊደግም ሲል ጀንበሯ ጠለቀች። እንግዲህ ሄርናንዴዝ ማለት በሁለት ስመ ጥር ቦታዎች መካከል ያለች፣ ሰው በመስኮት አይቶ የሚያልፋት ከተማ ናት። ወረታ ናት ማለት ነው።

አዳምስን ጠቅሶ የሚሟገተኝ አይጠፋም። «ሰውየው የቆመው ለብርሃን ነው እንጂ ለምሳ አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው፤ እንግዲያው ስለ ብርሃን እንነጋገር። ፎቶ አንሺዎች ወርቃማ ሰዓት የሚሉት ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ፣ በግምት እስከ 6 ዲግሪ ከፍታ ባለችበት ጊዜ የሚገኘውን ለስላሳ ብርሃን ነው። ወረታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ሥፍራ ፀሐይ በአግድም አትንፏቀቅም፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ያንን 6 ዲግሪ ለመውጣት 25 ደቂቃ ያህል ይበቃታል፤ ስቶክሆልም ላይ ለዚያው ከፍታ እጥፍ ያህል ጊዜ ትፈጃለች። «ሰዓት» ብለው የሰየሙት ሰዎች በእርግጥ የሰሜን ሰዎች መሆን አለባቸው፤ የእኛው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ የሚያሳየው ብርሃኑ ውድ መሆኑን ብቻ አይደለም። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በኋላ እስከ ማታ አሥራ አንድ ድረስ ያለው አሥር ሰዓት ለፎቶ አንሺው ሥራ ፈት መሆኑንም ነው። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ተውጦ ሁለት ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ደጅ ለደጅ ካሜራ ይዞ የሚንከራተት ሰው ብርሃንን አያውቅም፣ ወይም ቤቱ ማን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ቁም ነገሩ ደግሞ ይኸውና፦ በዚያ ክፉ ሰዓት መልካም ብርሃን የሚገኘው ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ወረታም ሆነ አዲስ ዘመን ባለ አንድ በር፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ ጨለም ያለ ቤት ይግቡ። ውጭ መሬቱን የሚያቃጥለው ፀሐይ ከደጃፉ አፈር ተንጸባርቆ በበሩ በኩል ተጣርቶ ይገባል፤ ከአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ፣ ጥላው ልስልስ ያለ፣ የከተማ ስቱዲዮ በስንት ብር ጃንጥላና መብራት የሚያስመስለው ብርሃን ነው። ከበሩ ሁለት ክንድ ገባ ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ግማሹ ይበራል፣ ግማሹ ይደበዝዛል፤ ከሽሮው ላይ የሚነሣው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል። ይህን ብርሃን ለማግኘት የሚከፈለው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ምሳውም ይበላል።

«ኢትዮጵያ ውስጥ የትም ብትሄድ እንጀራና ሽሮ ነው፤ ምኑን ነው የምቀምሰው?» የሚል ተቃውሞ ከአዲስ አበባ ሰው ነው የሚመጣው፤ ክብደቱም ከአዲስ አበባ አይወጣም። ኒው ሜክሲኮ ግዛት በሕግ አውጪዎቿ የጸደቀ «የግዛት ጥያቄ» አላት፤ «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» የሚል። ምግብ ላይ የሚፈስሰውን ቃሪያ ነው። እኛ አገር ምክር ቤት በወጥ ጉዳይ ቢሰበሰብ ስብሰባው የሚያልቅ አይመስለኝም እንጂ፣ ለፎገራ የሚስማማው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ንጹሕ ጤፍ ወይስ በሩዝ?» የፎገራ እንጀራ ከነጭም ነጭ ሆኖ ሲቀርብ ደንበኛው ማኛ ጤፍ የመጣለት ይመስለዋል። ነጭ ያደረገው ሩዝ ነው። በጣት ቆረስ ሲያደርጉት ትኩሱ ልስልስ ይላል፤ አድሮ ሲመጣ ግን ጠርዙ ይደርቅና መሰባበር ይጀምራል። እንግዲህ ከዚህች ጠርዝ ተነሥቶ ሜዳውን ሁሉ መረዳት ይቻላል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ሊገቡ ሲሉ ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ክረምቱን ጤፍም ማሽላም የማይችለው ውኃ ይቆማል። በዚህ ረግረግ የዱር ሩዝ ድሮም ይበቅል ነበር። የሚበላው ሩዝ ሥር የሰደደው በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ማሳዎች ላይ ማልማት ሲያሳዩ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ቀበሌ ነው። ያኔ ውኃው መከራ ነበር፤ ዛሬ ሰዉ ሩዙን «ነጩ ወርቅ» ይለዋል፤ ወረታም የመፈልፈያ ማሽን የሚያጓራባትና የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የቻይናዎች ሥራ ነው። ሩዙን ኮሪያ፣ መንገዱን ቻይና፣ በአንገት የተንጠለጠለውን ካሜራ ጃፓን፤ የሩቅ ምሥራቅ እጅ እንዲህ የተገናኘበት መገንጠያ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ጠላውም አረቄውም ሩዝ ገብቶበታል፤ ስለዚህ ይህንን ዝምድና ጠጥቶ ማረጋገጥም ይቻላል።

ሩዙ ግን በነፃ አልመጣም። ይህን ደግሞ ፎቶው አይናገርም። በመስከረም ሜዳው አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ሲታይ ማንም ከፍ ካለ ቦታ አንሥቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል። የፎገራ ላም ከሩዙ በፊት የሜዳው ጌታ ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ ጉራማይሌ፣ ለረግረግ የምትስማማ፣ ወተቷ የተመሰከረላት ዝርያ። ግጦሹ ማሳ ሲሆን ላሟ ቦታ አጣች፤ ዝርያዋን ለማቆየት ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ያለው የአንዳሳ የምርምር ማዕከል ሲደክም ኖሯል። አረንጓዴውን ሜዳ ያነሣ ሰው የሌለችውን ላም ማንሣት አይችልም፤ ሌንስ የጎደለ ነገር አያሳይም። እርጎ ያዘዘ ሰው ግን ወዲያው ይደርስበታል፤ «ዛሬ የለም» ይባላል፣ ወይም ዋጋውን ሰምቶ ቀና ብሎ ያያል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው በፎገራ ተረት መሆኑ ቀርቶ ሜኑ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ውኃው ከሸሸ በኋላ በዋልካው እርጥበት ላይ የሚዘራው ሽንብራና ጓያም እንዲሁ ነው። በጥር የሽንብራ እሸት በእቅፍ እየታሰረ መንገድ ዳር ይሸጣል። አንዱን ዘለላ በጥርስ ሲፈለፍሉት መጀመሪያ የሚቀመሰው ፍሬው አይደለም፤ ቅጠሉና ቅርፊቱ የሚያወጣው ኮምጣጣ ላብ ነው፣ ከንፈር ያቃጥላል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ጤዛውን ሊያነሣ ንጋት ላይ በሽንብራ ማሳ ውስጥ በጉልበቱ የሚንበረከክ ፎቶ አንሺ በሱሪው ከመማሩ በፊት በምላሱ ቢማር ይሻለዋል። ጓያ ከዚህም የባሰ አስተማሪ ነው። አበባው ትንንሽ፣ ሰማያዊ፣ በቅርብ ሌንስ የሚያስጎመጅ ነው። ይሁንና ድርቅ ወይም ጎርፍ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ ከበላ እግሩ ይሰበራል፤ ዳግመኛም አይቀናም። ደንቢያና ፎገራ ከዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ይህ በሽታ በብዛት የታየባቸውና በሕክምና ጽሑፍ የተመዘገቡ ሜዳዎች ናቸው። ያቺን ሰማያዊ አበባ አሳምሮ ያነሣ፣ «የጓያ ሽሮ እንዴት ነው የሚበላው? ስንት ጊዜ ይዘፈዘፋል? ከምን ጋር ይደባለቃል?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ያነሣው አበባ ብቻ ነው።

ወደ ጣና ዳር ሲወረድ ደግሞ ፎቶና ምግብ በግልጽ ይጣላሉ። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ላይ የታወቀ መቅሠፍት ነው። አበባው ግን ሐምራዊ ነው፤ ቅጠሉ ያንጸባርቃል፤ ከጀልባ ላይ ዝቅ ብለው ካነሡት የአበባ ኤግዚቢሽን ይመስላል። ካሜራ ላይ ሁሉም ነገር መልካም ነው። ምግብ ቤት ገብተው ዓሣ ሲያዝዙ ግን ታሪኩ ይገለበጣል፤ መረቡ በእምቦጭ ተጠልፎ፣ ታንኳው መውጫ አጥቶ፣ ቆሮሶውም አምባዛውም ከሩቅ መጥቶ ነው ሳህኑ ላይ የተኛው። ባርበስ የሚባሉት የጣና ትልልቅ ዓሦች ነገር ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው። ሌላ የትም የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች ከአንድ ዘር ተነሥተው በዚህ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተዋል፤ ብዙዎቹ በክረምት በጉማራና በመሰል ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ነው የሚራቡት፤ አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ በወንዙ አፍ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃል። እንዲህ ዓይነቱን ዓሣ ጠብሶ መብላት ትክክል ነው ወይ የሚል ካለ መልሴ ቆሮሶ ይዘዝ ነው። በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ግን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በየወንዝ ዳሩ ሲከራከሩበት ስለኖሩ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም በሆነበት አገር ጥብስ ሊያነሣ በዐቢይ ጾም የመጣ መንገደኛ የቀን መቁጠሪያ እንጂ ሌንስ አይደለም የጎደለው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«የወፍ ፎቶ የሚያነሣውስ? እሱ እንኳ ከምግብ ጋር ምን አለው?» ይባል ይሆናል። እሱ ከሁሉም የባሰ በሆድ የሚመራ ነው፤ በሌላ ሰው ሆድ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ሸሸርና ወለላ በሚባሉት የፎገራ ረግረጎችና በዙሪያቸው ባለው ማሳ ላይ በበጋ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ይሰፍራሉ፤ ከፊሎቹ ከሰሜን አውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የመጡ ናቸው። ያን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጠው ጎንደርን ሊጎበኙ አልመጡም። ከአጨዳ በኋላ የሚረግፈውን እህል ሊለቅሙ ነው፤ ቁርሳቸው ማሳው ላይ ነው፣ ማደሪያቸው ውኃው ላይ። ወፎቹን ማግኘት የፈለገ የትኛው ማሳ መቼ እንደታጨደ መጠየቅ አለበት፤ ይህን የሚያውቀው ገበሬው ነው፤ ገበሬው የሚገኘው ደግሞ ጠላ ቤት ነው። መንገዱ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚያደርስ አያችሁ?

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ፤ «ሁለቱን አብሮ ማስኬድ አይቻልም» የሚለው። ይህ እውነት ነው፣ እውነትነቱም በሰውነታችን የተረጋገጠ ነው። በአገራችን በቀኝ እጅ ይበላል። ካሜራውም የሚነሣው በቀኝ እጅ ነው፤ ኒኮኑም፣ ካኖኑም፣ ሶኒውም መጫኛ ቁልፉን በቀኝ አድርጎታል። ጣቶቹ በሽሮ የተነከሩ ሰው አንድ ሚሊዮን ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ አጠገቡ ቢኖር አይነካውም፤ ዘይት የነካው ቁልፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል። እኔ እስከማውቀው ለሐበሻ ማዕድ የተመቸው ካሜራ አንድ ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በድሬዝደን የወጣው ኪኔ ኤክዛክታ መጫኛው በግራ ነበር። ጀርመኖቹ ስለ እንጀራ አስበው አይመስለኝም። ከእሱ በኋላ ዓለም በቀኝ ተስማማ፤ እኛም ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብን። ይህ ግድ ነው እንግዲህ የክርክሬ ምሰሶ። የሚበላ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አስቀምጦ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ያያል። ባለቤቷ ምጣዱን እንዴት እንደምታሰስ፣ የበሩ ብርሃን በስንት ሰዓት ግድግዳውን ለቆ ወደ መደቡ እንደሚወርድ፣ የትኛው ሽማግሌ ሲስቅ ፊቱ እንደሚለወጥ ያያል። እጁን ታጥቦ ካሜራውን ሲያነሣ ምን እንደሚያነሣ ያውቃል። ሳይበላ የመጣው ግን ከበር ቆሞ ተኩሶ ይሄዳል፤ ፎቶው ላይ የሚወጣውም «ይህ ደግሞ ማነው?» የሚል ፊት ነው።

አበው ከፍትፍቱ ፊቱ ይላሉ፤ ከሚቀርበው ምግብ የሚያቀርበው ሰው ፊት ይበልጣል ማለታቸው ነው። ፎቶ አንሺም የሚፈልገው ያንኑ ፊት ነው። ፊቱ ግን በፍትፍቱ በኩል ካልሆነ አይገኝም። በዚህ አገር የሚበላ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ ማዕድ ከዓይን ይሸፈናል፤ «የሰው ዓይን» የሚባል ነገር አለ። (ይህ እምነት ስንቱን ሸማኔና ቀጥቃጭ ያለ ኃጢአቱ ቡዳ አሰኝቶ እንዳስገፋ አይረሳኝም፤ እዚህ የማወራው ስለ ነውሩ ነው።) ከሰው ዓይን የሚፈራ ማዕድ ባለ ትልቅ መስተዋት ዓይን ሲመጣበት እንዴት ዝም ይበል? መፍትሔው ጥንትም ተበጅቷል። በላተኛው «እንብላ» ይላል፣ የመጣውም እጁን ታጥቦ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ ነው እንጂ ተመልካች አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ይህንን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይመስለኛል። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የመሠረቱት ይህ መንደር ወንዱም ሴቱም እኩል የሚሸምንበት፣ እኩል የሚያበስልበት በመሆኑ የጎብኚ ካሜራ አያጣም። ወንድ እንጀራ ሲጋግር ማንሣት ለብዙ ሰው ብርቅ ነው። ብርቅነቱ ግን ከውጭ ነው፤ ያንን እንጀራ ቁጭ ብሎ የበላ ሰው በሁለተኛው ጉርሻ ላይ እንጀራ እንጀራ መሆኑን ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ምድጃው ደግሞ ጢስ እንዲቀንስና እንጨት እንዲቆጥብ ተደርጎ ከጭቃ የተሠራ፣ ከሰውየው ጾታ ይልቅ ሊነሣ የሚገባው የእጅ ሥራ ነው።

የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ «በዚህ ዓይነት በቀን ስንት ፎቶ ይወጣል?» ሊል ነው። ጥቂት። ሌላው «ሆዴን ቢያመኝስ?» ይላል፤ ትኩስ የወጣ ሽሮና እዚያው የተጋገረ እንጀራ ከሆቴል ቡፌ ላይ ሲሞቅ ከዋለ ማካሮኒ የበለጠ የሚያስፈራበት ምክንያት አይታየኝም፤ ውኃው ላይ ግን ጥንቃቄ አይከፋም። «በዚህ ጊዜ ማን ወደዚያ ይጓዛል?» የሚለው ደግሞ ተቃውሞ አይደለም፣ ሐዘን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለው ጦርነት መንገዱን ከጎብኚ አራቁቶታል። ክርክሬ ሰላም ለሚመጣበት ቀን ነው፤ ያን ቀን መጀመሪያ የሚከፈተው ሙዚየም ሳይሆን ምግብ ቤት ነው። «ታዲያ ለምን ዳሎል አንሄድም?» ለሚለውም መልስ አለኝ። በረሃ ለፎቶ አንሺ ይመቻል፤ ቀለሙ ራሱ ይበቃዋል፣ በኪስ ብስኩት ይዞ ከባሕር ወለል በታች ወርዶ ቢጫና አረንጓዴውን አንሥቶ መመለስ ይቻላል። እዚያም ቢሆን አፋሩ እየጠረበ በግመል የሚጭነው ጨው ነው፤ መድረሻው የሰው ወጥ ነው።

ለክርክሬ የማይታዘዘኝ አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ጣራ ገዳም ነው። ከአዲስ ዘመን በላይ ባለው ተራራ ላይ ገዳሙን የከበበው ደን ወይራው፣ ብሳናው፣ ሰሳው፣ እምብሱ ሳይቀር ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር የተረፈ ነው። የተረፈው ደግሞ ስላልተበላ ነው፤ ላም እንዳይበላው፣ ምድጃ እንዳይበላው፣ ማሳ እንዳይበላው የገዳሙ ክብር ጠብቆታል። እዚህ ጠግቦ፣ አረቄ አረቄ እየሸተቱ መውጣት በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት አያስከብርም። ጣራ ገዳም በባዶ ሆድ ነው የሚወጣው፤ ካሜራም ሲፈቀድ ብቻ ነው የሚወጣው። ለፎቶ አንሺውም ይህ አይጎዳውም። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ባለበት ጥላ ውስጥ የእኩለ ቀኑ ፀሐይ በጠብታ ስለሚወርድ፣ ሜዳው ላይ ሥራ የሚያስፈታው ሰዓት ደኑ ውስጥ ያሠራል። ጾም ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ተስተካክሎለታል። ጿሚ በዘጠኝ ሰዓት ይፈታል፤ መልካሙ ብርሃን የሚመጣው ከአሥራ አንድ በኋላ ነው። ከተራራው ወርዶ አዲስ ዘመን ሽሮ አዝዞ ለመብላት የሁለት ሰዓት ጊዜ አለው፤ ለቡናም ይበቃል። አቦልን ይጠጣ፣ ቶናንም ይጠጣ። በረካን የጠበቀ ግን የዚያን ዕለት ጀንበር አያገኝም፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚተው እኔ አልመርጥለትም።